ቀስቷ ትክፈት፣ ርዕሱ ይጻፍበት

ናይሮቢ ላይ የሚዘጋጅ መጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚሞላው ሌላ ቦታ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ካለበት ከጊጊሪ አንሥቶ እስከ ዌስትላንድስና ኪሊማኒ ድረስ ለምሥራቅ አፍሪካና ለአፍሪካ ቀንድ የሚሠሩ በርካታ የእርዳታ ድርጅቶች ቢሮ አላቸው። የድርቅ ጉዳት፣ የውኃ እጥረት ወይም የሕፃናት ክትባት የሚጠየቅበት ፎርም እዚያ በኮምፒውተር ይደረደራል፤ ከዚያ ሶማሌ ክልል፣ ቱርካና ወይም ጁባ ባለ መረጃ ሰብሳቢ ስልክ ላይ ይከፈታል። ናይሮቢ ውስጥ በማውስ የተሠራች ስሕተት ሜዳ ላይ የጎደለ ጥያቄ ሆና ልትወጣ ትችላለች። በማውስ ሲጫኑት የሚታጠፍና የሚዘረጋ የስክሪን ክፍል እንዴት መሠራት እንዳለበት የማብራራው በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። ዛሬ አብዛኛው መጠይቅ አዘጋጅ ኮድ አይጽፍም። ጥያቄዎቹን ስክሪኑ ላይ እያየ ይጨምራል፣ ይጎትታል፣ ይሰርዛል። እንዲህ ያለውን በዓይን እያዩ የሚያዘጋጁበትን ሶፍትዌር ከዚህ በኋላ ኤዲተር እለዋለሁ። በእርዳታ ሥራ ውስጥ በሰፊው ከታወቁት አንዱ ኮቦቱልቦክስ ነው። መነሻው የሃርቫርድ የሰብዓዊ ጉዳዮች ማዕከል ሲሆን፣ የተገነባው በ2008 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በተጀመረው ኦዲኬ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ላይ ነው። (ቀኖቹን፣ ወሮቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ካልሆነ እናገራለሁ።) ኬንያ በዚህ ታሪክ ውስጥ የዳር ተመልካች አልነበረችም። ከኦዲኬ የመጀመሪያ ተጠቃሚዎች አንዱ በኤልዶሬት ያለው የአምፓት የጤና ፕሮግራም ነበር፤ ቤት ለቤት የኤችአይቪ ምርመራ የሚያደርጉ ሠራተኞች መረጃውን በወረቀት ሳይሆን በስልክ ይመዘግቡ ነበር። በ2019 ደግሞ ኬንያ የሕዝብና ቤት ቆጠራዋን ያለወረቀት በታብሌት አካሄደች።

ረጅም መጠይቅ በአንድ ስክሪን አይበቃም። ስለዚህ ጥያቄዎቹ በቡድን ይሰበሰባሉ፤ “የቤተሰብ አባላት”፣ “የውኃ ምንጭ”፣ “የከብት ሀብት” እየተባለ። እያንዳንዱ ቡድን በርዕሱ ብቻ እንዲታይ ታጥፎ ሊቀመጥ ይችላል፤ ሲፈለግ ይዘረጋል። ታጣፊ ክፍል ማለት ይኸው ነው። ሐሳቡ ከማውስ ጋር እኩያ ነው ማለት ይቻላል። ዳግላስ ኤንገልባርት በታኅሣሥ 9 ቀን 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ማውስን ለሕዝብ ባሳየበት ዝግጅት፣ የገበያ ዕቃዎች ዝርዝርን በየዓይነቱ ከፋፍሎ አንዴ አጥፎ አንዴ ዘርግቶ አሳይቷል። በ1991 የአፕል ሲስተም ሰባት በማኅደሮች ጎን ትንሽ ሦስት ማዕዘን አደረገ፤ ዊንዶውስ 95 የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያላት ሳጥን አመጣ። ዛሬ ደግሞ የድረ ገጽ ቋንቋው ራሱ ለዚህ የተሠራ ክፍል አለው፤ ርዕሱን ሲጫኑት ከሥሩ ያለው ይወጣል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የሚነበብ ገጽና የሚጻፍበት ገጽ አንድ አይደሉም።

በሚነበብ ገጽ ላይ ርዕሱ በሙሉ ቢከፍት ጥሩ ነው። ፖል ፊትስ በ1954 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ እጅ አንድን ዒላማ ለመንካት የሚወስድበት ጊዜ በርቀቱና በስፋቱ ይወሰናል፤ ዒላማው ሲሰፋ እጅ ይፈጥናል፣ ስሕተትም ይቀንሳል። አንባቢ ከርዕሱ ጋር ያለው ጉዳይ አንድ ብቻ ነው፤ መክፈት ወይም መዝጋት። ስለዚህ ረጅሙ መሥመር ሁሉ መክፈቻ ይሁንለት።

በኤዲተር ውስጥ ግን ርዕሱ ጽሑፍ ነው። “የውኃ ምንጭ” የሚለውን “የመጠጥ ውኃ ምንጭ” ለማድረግ የፈለገች ባለሙያ ጠቋሚዋን ወስዳ ከ“የውኃ” ፊት ትጫናለች። የምትጠብቀው ብልጭ ድርግም የምትለው የመጻፊያ መሥመር እዚያ እንድትቆም ነው። ርዕሱ መክፈቻም ከሆነ ግን ክፍሉ ይዘረጋል፤ ደግማ ስትጫን ይታጠፋል። ሦስተኛ ስትሞክር ቃሉን አስተካክላ ሊሆን ይችላል፣ ግን ከእንግዲህ ያንን ሶፍትዌር አታምነውም። አንዲት ጠቅታ በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ትርጉም ሲኖራት ተጠቃሚው በእያንዳንዱ ጭነት ፊት ማሰብ ይገደዳል። መሣሪያ የሚያስበውን ሰው ሐሳብ መስረቅ የለበትም።

የኪቦርዱም ጉዳይ አለ። በድረ ገጽ ደንብ መሠረት ርዕሱ ላይ ሆነው የክፍተት ቁልፍን መጫን ልክ እንደ ማውስ ጠቅታ ክፍሉን ይከፍታል ወይም ይዘጋል። ይህ ለአንባቢ ትክክል ነው። ግን ኤዲተር ሠሪው ያንኑ ዝግጁ ክፍል ሳያስተካክል ከወሰደው፣ “የቤተሰብ” ብሎ ጽፎ “ሁኔታ” ከማለቱ በፊት የክፍተት ቁልፍን የሚነካ ሰው ክፍሉ ሲታጠፍበት ያያል። ከአንድ ቃል በላይ የሆነ ርዕስ ሁሉ ይህ ይደርስበታል። ኤዲተር ሠሪ በመጻፊያ ሰዓት ይህን ጠባይ ማጥፋት አለበት፤ ካላጠፋው ደግሞ ስሕተቱን በመጀመሪያዋ ደቂቃ የሚያገኘው ተጠቃሚው ነው።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? ሥራውን በቦታ መለየት። ከርዕሱ ፊት ያለች ትንሽ ቀስት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ሌላ ሥራ የላትም። ርዕሱ ይጻፍበታል። ለመጎተት የተለየ መያዣ ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ ስድስት ነጠብጣብ ሆኖ ይሣላል። የቀረው የመሥመሩ ባዶ ቦታ ክፍሉን ይመርጣል እንጂ አይከፍትም፣ አይዘጋም። የኮቦ ፎርም ማዘጋጃም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ቡድን ለማጠፍ ቀስት አለች፣ የጥያቄውን ጽሑፍ ሲጫኑ ደግሞ መጻፊያው ይከፈታል። መሳቢያ ያለው ጠረጴዛ አስቡ፤ የሚሳበው በእጀታው ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ለመጻፍ እጁን ያሳረፈ ሰው መሳቢያው አይከፈትበትም።

“የመጀመሪያው ጠቅታ ይክፈት፣ ሁለተኛው ይጻፍ” የሚሉ ንድፍ ሠሪዎች አሉ። ቦታ ይቆጥባል፣ ስክሪኑንም ያጸዳል። እኔ አልቀበለውም። እጅ የሚማረው ቦታን እንጂ ተራ ቁጥርን አይደለም፤ ሥራ የበዛበት ሰው ስንተኛ ጭነቱ ላይ እንዳለ አይቆጥርም። ሁለቴ መጫንንም ለመክፈቻ ማድረግ ልክ አይሆንም፤ በጽሑፍ ላይ ሁለቴ መጫን ቃል መምረጥ መሆኑን ሰው ሁሉ ከለመደው ቆይቷል።

ቀስቷ ግን ብቻዋን ከተተወች ጠባብ ዒላማ ትሆናለች፤ የፊትስ ሕግ እዚህ ላይ ይበቀላል። በጥቅምት 2023 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ 2.2 አንድ የሚጫኑት ነገር ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል እንዲሆን ወይም በዙሪያው በቂ ክፍተት እንዲኖረው ይጠይቃል። ቀስቷ ስትታይ ትንሽ ልትሆን ትችላለች፤ ጭነቱን የሚቀበለው የማይታየው ሜዳዋ ግን ሰፊ ይሁን፣ ከክፍሉ ግራ ጠርዝ ጀምሮ እስከ ርዕሱ መጀመሪያ ይሙላ። ሁልጊዜም ትታይ። ጠቋሚው ሲቀርብ ብቻ ብቅ የምትል ቀስት ስክሪኑን ታሳምር ይሆናል፣ ግን አዲስ ተጠቃሚ መኖሯን አያውቅም፤ በታብሌት የሚሠራ ሰው ደግሞ የሚያንዣብብበት ማውስ ጭራሽ የለውም። ክፍሉ ሲታጠፍ ወደ ጎን፣ ሲዘረጋ ወደ ታች ታመልክት። ከናይሮቢ ለሱዳን የሚሠሩ ባለሙያዎች ፎርማቸውን በዓረብኛ ስለሚያዘጋጁ፣ ጽሑፉ ከቀኝ ሲጀምር ቀስቷም ወደ ቀኝ ጠርዝ ተዛውራ ወደ ግራ ማየት አለባት።

አሁን ስለ ማውሱ ራሱ እናውራ። ንድፍ ሠሪዎች ቶሎ የሚረሱት ይህን ነውና። ኬንያውያን “ሳይበር” የሚሉት የኢንተርኔት ቤት ናይሮቢ ውስጥ ዛሬም ሥራ አለው። የመንግሥት አገልግሎቶች በኢሲቲዝን፣ ግብር በአይታክስ ስለሚከናወኑ ኮምፒውተር የሌለው ሰው ወደዚያ ይሄዳል፤ የግለሰብ የግብር ማሳወቂያ በሚዘጋበት በሰኔ 30 ሰሞን ወረፋ አለ። በእነዚህ ቤቶች ያለው ማውስ ብዙ እጅ ያለፈበት ነው። በማውስ ቁልፍ ሥር ያለችው ቀጭን የብረት መገናኛ ስትደክም አንድ ጭነት እንደ ሁለት ትቆጠራለች። በተራ ማስፈንጠሪያ ላይ ይህ ብዙም ጉዳት የለውም። በታጣፊ ክፍል ላይ ግን አደጋ ነው፤ የመጀመሪያው ይከፍታል፣ ሁለተኛው ወዲያው ይዘጋል። ተጠቃሚው የሚያየው ብልጭታ ብቻ ነው፤ “አይሠራም” ብሎ ይተወዋል። ማውሱ ደኅና ቢሆንም ማንኛውንም ነገር ሁለቴ የመጫን ልማድ ያለው ሰው ይኸው ይደርስበታል፤ ልማዱን ያስተማረው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው፣ ፋይል የሚከፈተው ሁለቴ ተጭኖ ነውና።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ብሮውዘሩ አንድ ጠቅታ በተከታታይ ስንተኛ እንደሆነች ለፕሮግራሙ ይነግረዋል። በዊንዶውስ የተለመደው ልክ ግማሽ ሴኮንድ ነው፤ በዚያ ውስጥ የመጣች ሁለተኛ ጠቅታ ተከታይ ተብላ ትቆጠራለች። ቀስቷ የመጀመሪያዋን ብቻ ተቀብላ ተከታይዋን ችላ ብትል የደከመው ማውስም ሁለቴ የሚጫነው እጅም ይድናሉ። ጥቂት የኮድ መሥመር ነው። ይህ በሁሉም ሶፍትዌር ውስጥ መደረግ አለበት፤ ምክንያቱም አሮጌ ማውስ ያለው ሰው ስሕተቱ የሶፍትዌሩ መሆኑን አያውቅም፣ በራሱ ያላክካል።

መጫንና መልቀቅም ሁለት ነገሮች ናቸው። ሥራው ሲጫኑ ሳይሆን ሲለቁ መፈጸም አለበት፤ በ2018 የወጣው የተደራሽነት መመሪያ 2.1 ይህን ደንብ አድርጎታል። ጥቅሙ ተሳስቶ የተጫነ ሰው ጣቱን ሳያነሣ ጠቋሚውን ወደ ባዶ ቦታ ወስዶ ሐሳቡን መለወጥ መቻሉ ነው። ጎትቶ ማንቀሳቀስ ደግሞ የሚጀምረው ጠቋሚው ጥቂት ፒክስል ከሄደ በኋላ ይሁን፤ ዊንዶውስ አራት ፒክስል ይጠብቃል። ያለዚያ እጁ ትንሽ የተንቀጠቀጠ ሰው ክፍሉን ሊዘጋ ሲል ከቦታው ያነሣዋል። ጽሑፍ ለመምረጥ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየጎተተ ርዕሱ ላይ የለቀቀ ሰውም ጠቅ እንዳደረገ ተቆጥሮ ክፍሉ ሊታጠፍበት አይገባም።

መጎተትና መታጠፍ የሚገናኙበት ቦታ አለ። ከላይ ያለ ጥያቄ ይዘው ወደ ታጠፈው “የከብት ሀብት” ውስጥ ሊያስገቡት ነው እንበል። ክፍሉ ዝግ ነው፣ እጅዎ ደግሞ ተይዟል። አፕል በ1997 በማክ ኦኤስ 8 ያመጣው ዘዴ እስከ ዛሬ የተሻለው ነው፤ የተያዘው ነገር ከታጠፈው ላይ ለአፍታ ሲያንዣብብ ክፍሉ በራሱ ይዘረጋል፣ ሳይለቁ ከሄዱ ተመልሶ ይታጠፋል። የአፍታው ርዝመት ግን ይመዘን። በጣም ካጠረ ጠቋሚው ያለፈበት ሁሉ እየተከፈተ ስክሪኑ ይታመሳል፤ በጣም ከረዘመ ሰው የማይሆን መስሎት ይለቀዋል። እንዲሁም መጎተት የማይችል ሰው በ“ወደ ላይ”፣ “ወደ ታች” ወይም “ወደዚህ ቡድን ውሰድ” በሚል ትእዛዝ ያንኑ ማድረግ መቻል አለበት፤ ይህም በ2023ቱ መመሪያ ውስጥ አለ።

ክፍሉ ሲዘረጋ ርዕሱ ከጠቋሚው ሥር መንቀሳቀስ የለበትም። ይዘቱ ወደ ታች ይውረድ፣ ርዕሱ ባለበት ይቁም። ብዙ ሶፍትዌሮች “ለማሳየት ብለው” ገጹን ወደ ላይ ይገፉታል፤ ያን ጊዜ ተጠቃሚው መልሶ ሊዘጋ ሲጫን በጠቋሚው ሥር የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው፣ አንዳንዴ የመሰረዣ ምልክቷን።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የተደበቀው ነገር ነው። በመጠይቅ ሥራ ውስጥ አንድ ጥያቄ በሦስት መንገድ ከዓይን ሊጠፋ ይችላል። አንደኛ፣ አዘጋጁ ለራሱ ምቾት ቡድኑን አጥፎታል፤ ጥያቄው ፎርሙ ውስጥ አለ። ሁለተኛ፣ ቅድመ ሁኔታ ተደርጎበታል፤ “ከብት አለዎት?” ለሚለው “የለኝም” ያለ ሰው የከብቱን ብዛት አይጠየቅም። ሦስተኛ፣ ተሰርዟል። እነዚህ ሦስቱ ስክሪኑ ላይ ከተመሳሰሉ ባለሙያው የታጠፈውን ተሰርዟል ብሎ ደግሞ ይጽፈዋል፣ ወይም የተሰረዘውን ታጥፏል ብሎ ፎርሙን ይልከዋል። ሁለተኛው ስሕተት የሚታወቀው መረጃ ሰብሳቢዎቹ ከቀበሌ ቀበሌ ዞረው ከተመለሱ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ሰዎቹን እንደገና ሄዶ መጠየቅ ብዙ ጊዜ አይቻልም።

ስለዚህ የታጠፈ ክፍል ዝም ማለት የለበትም። ከርዕሱ ጎን “12 ጥያቄዎች” ይበል። ውስጡ ስሕተት ካለ ምልክቱ ውጭ ይታይ። አንድ ቃል ሲፈለግ የታጠፈውም ይፈለግ፣ ቃሉ ከተገኘ ክፍሉ ይዘርጋ። የታጠፈ ቡድን ሲሰረዝ “ውስጡ 12 ጥያቄዎች አሉ” ብሎ ይንገር፣ መመለሻም ይኑረው። የመጻፊያዋ መሥመር ከውስጥ ሳለች ክፍሉ ከታጠፈ መሥመሯ ወደ ርዕሱ ትውጣ፤ አለበለዚያ ሰው በማያየው ቦታ ይጽፋል፣ ወይም ቁልፍ ሲጫን የማያየውን ይሰርዛል። ክፍሉን ማጠፍ እንደ ለውጥ ተቆጥሮ “አልተቀመጠም” የሚል ማስጠንቀቂያም አያምጣ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ፤ የእኔ ማጠፍና የአንባቢው ማጠፍ። ዊኪፒዲያ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ዓመታዊው የዊኪፒዲያ ሰዎች ጉባኤ፣ ዊኪማኒያ፣ ሃያኛ ዓመቱን ያከበረው ናይሮቢ ላይ ነበር፤ ከሐምሌ 30 እስከ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር። በዊኪፒዲያ ጽሑፎች ውስጥ ለአንባቢ ታጥፈው የሚቀርቡ ሰንጠረዦችና ዝርዝሮች አሉ። ጽሑፉን የሚያስተካክል ሰው ግን አንባቢው የማያየውን ሁሉ ማየት አለበት። “ለአንባቢ ታጥፎ ይቅረብ” የሚለው የጽሑፉ ንብረት ነው፤ ከጽሑፉ ጋር ይቀመጣል፣ ምርጫውም በግልጽ በቅንብሩ ውስጥ ይደረጋል። “አሁን እኔ ስሠራ ይታጠፍልኝ” የሚለው ግን የእኔ ብቻ ነው፤ ለማንም አይተላለፍ። በ2018 ወደ አዲስ ኤዲተር የተሸጋገረው ዎርድፕረስ በኋላ የጨመረው ታጣፊ ክፍልም ይህን ይለያል፤ ለአንባቢ ተዘርግቶ ይቅረብ ወይስ አይቅረብ የሚለው በጎን ባለው ቅንብር ይወሰናል፣ ጸሐፊው ግን ሲሠራ ገብቶ ይጽፍበታል።

ስለ ማውስ ብናገርም ማውስ የማይዝ ሰውም አለ። ዓይነ ስውር ባለሙያ በስክሪን አንባቢ ሲሠራ ቀስቷ “የውኃ ምንጭ፣ ታጥፏል” ብላ መናገር አለባት፤ በኪቦርድም መከፈት አለባት። ቀስቷ ከርዕሱ መለየቷ ለዚህም ይጠቅማል፤ እውነተኛ ቁልፍ ስለሆነች ስም፣ ሁኔታና ቦታ ይኖራታል።

አዲስ አበባም ሆነ ናይሮቢ ውስጥ የአማርኛ ፎርም ማዘጋጃ፣ የትምህርት መድረክ ወይም የጋዜጣ ኤዲተር የምትሠሩ ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሥራችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት ያረጀ ማውስ ፈልጉ፤ ሶፍትዌሩን አይቶት የማያውቅ ሰው አስቀምጡ፤ “የዚህን ቡድን ስም ቀይርልኝ፣ ከዚያ ዝጋው” በሉት፤ ዝም ብላችሁም እጁን ተመልከቱ። ሊጽፍ ሲል ከተከፈተበት ወይም ሊዘጋ ሲል ከተንቀሳቀሰበት ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ አስተካክሉት። መጠይቅ የምታዘጋጁ ደግሞ ፎርሙን ወደ ሜዳ ከመላካችሁ በፊት ቡድኖቹን ሁሉ ዘርግታችሁ ከላይ እስከ ታች አንዴ አንብቡት፤ ከዚያም በራሳችሁ ስልክ ከፍታችሁ ሙሉት።